ከጋቢናው በፊት ሻንሲው፦ ያገለገሉ መካከለኛ ፒክአፖች ግምገማ

ያገለገለ ደብል ጋቢና ፒክአፕ ስፈልግ ሁለት ወር ያህል ቆይቻለሁ። በዚህ ጊዜ ውስጥ የስድስት አምራቾችን መኪኖች ነድቻለሁ፤ ከሥራቸው ተኝቼ ሻንሲያቸውን፣ ማለትም መኪናውን ከሥር የሚሸከመውን የብረት አጽም፣ አይቻለሁ፤ ሌላ ሰው እያሽከረከረም በኋላ ወንበራቸው ላይ ረጅም መንገድ ተጉዣለሁ። ፍለጋውን ስጀምር ለምቾት፣ ለጉልበትና ለአስተማማኝነት እኩል ነጥብ ሰጥቼ ላወዳድራቸው አስቤ ነበር። ስጨርስ ግን ሦስቱ እኩል ሊመዘኑ እንደማይገባ አምኜያለሁ። አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው ብልሽት ቢገጥመው የአምራቹ ዋስትና ስላለለት ምቾትና ጉልበት ቢያማልሉት አይፈረድበትም፤ ያገለገለ የሚገዛ ሰው ግን ዋስትናው የራሱ ዓይንና የራሱ ጥንቃቄ ስለሆነ፣ ከሁሉ አስቀድሞ መመርመር ያለበት መኪናው ያለፉትን ዓመታት እንዴት እንዳሳለፈ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መካከለኛ ፒክአፕ በአብዛኛው ሻንሲው ለብቻው፣ አካሉ ለብቻው ተሠርተው በላስቲክ ማረፊያዎች ላይ የተገናኙበት፣ አንድ ቶን ገደማ እንዲሸከም የታሰበ መኪና ነው። ይህ አሠራር ለጭነትና ለድንጋያማ መንገድ የሚስማማ ቢሆንም የመኪናውን ዕድሜ ከሻንሲው ዕድሜ ጋር ያስረዋል። ሞተር ይታደሳል፤ ካምቢዮ ወርዶ ይጠገናል፤ ወንበር ይለበዳል፤ ሻንሲው የበሰበሰ መኪና ግን የሚጠገንበት ወጪ ብዙ ጊዜ ከመኪናው ዋጋ ይበልጣል። ስም ያለው አምራች እንኳ ከዚህ ችግር አያመልጥም። በጥንካሬው የሚታወቀው ቶዮታ ታኮማ ከ2005 እስከ 2010 በተሠሩት ምርቶቹ ላይ ሻንሲው ዝጎ በመበሳቱ በአሜሪካ የጋራ ክስ ቀርቦበት፣ ጉዳዩ ኩባንያው ሻንሲዎቹን ሊመረምርና የተጎዱትን ሊተካ በተስማማበት ውል ተቋጭቷል። በብሪታንያም ዲ40 በሚባለው የኒሳን ናቫራ ትውልድ ላይ ሻንሲው በዝገት ምክንያት ለሁለት እስከ መሰበር የደረሰባቸው ባለቤቶች ነበሩ። ሁለቱም አገሮች በረዶ በሚጥልበት ወቅት መንገዳቸው ላይ ጨው የሚበተንባቸው ስለሆኑ ዝገቱ የከፋ መሆኑ አያስደንቅም፤ ሆኖም ጭቃ ለዓመታት ተከማችቶ እርጥበት የሚይዝበት ሻንሲ በየትኛውም አየር ጠባይ ይበላል።

መታየት ያለበት ቦታ ደግሞ የታወቀ ነው። ከኋላ አክስሉ በላይ ሻንሲው ወደ ላይ የሚታጠፍበት ክፍል፣ ባሌስትራው (ጭነቱን የሚሸከሙት ተደራራቢ የብረት ሳንቃዎች) የሚታሰርባቸው ጫፎችና ከነዳጅ ታንከሩ ጎን ያለው ድብቅ ጥግ ቀድመው የሚበሉት ናቸው። በትንሽ መዶሻ ቀስ ተደርጎ ሲመታ ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተበላው ደግሞ ድፍን ያለ ድምፅ ያሰማል። በጋቢናውና በጭነት ሳጥኑ መካከል ያለው ክፍተት ከላይ እስከ ታች እኩል ካልሆነም፣ ሻንሲው በግጭት ወይም ከመጠን ባለፈ ጭነት መጣመሙን መጠርጠር ይገባል። ካየኋቸው መኪኖች አንዱ ውጫዊ ገጽታው ያማረ፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውም ዝቅተኛ ቁጥር የሚያሳይ ነበር። የፍሬን መርገጫው ላስቲክ ግን እስከ ብረቱ ተበልቷል፤ የመሪው ቆዳ ለስልሷል፤ ከሥር ደግሞ ሻንሲው በሙሉ ገና ሽታው ያልለቀቀ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል። መዶሻውን ሳሳርፍ ከቀለሙ ሥር የዝገት ቅርፊት ረገፈ። የአምራቹን ስም አልጠቅስም፤ ጥፋቱ የአያያዝና የሻጩ እንጂ የፋብሪካው አይደለምና። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አዲስ የተቀባ ሻንሲ ሳይ የማመሰግነው ሳይሆን የምጠይቀው ሆኗል።

ከሻንሲው ቀጥሎ ሞተሩ ነው። ለሻጩ አስቀድሞ ደውሎ ሞተሩን እንዳያስነሳው መለመን ተገቢ ነው፤ የሞቀ ሞተር ብዙ ጉድ ይሸፍናልና። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ካወጣ ዘይት እያቃጠለ ነው፤ ከሞቀም በኋላ ነጭ ጭሱ ካልቆመ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ወይም ጓርኒሲዮኑ (ከሥሩ ያለው ማሸጊያ) ያጠራጥራል፤ የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት ጭስ እየገፋ የሚተፋ ከሆነም ፒስተኖቹ ደክመዋል ማለት ነው። ይህን ማንኛውም ጥሩ መካኒክ ያውቀዋል። ገዢው በግሉ ሊያውቀው የሚገባው ደግሞ እያንዳንዱ ሞተር የየራሱ ደካማ ጎን እንዳለው ነው።

ከ2005 እስከ 2015 በቶዮታ ሃይሉክስ ላይ የተገጠመው ባለ 3.0 ሊትር ናፍጣ ሞተር፣ በመካኒኮች አጠራር 1ኬዲ፣ ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም። ይሁን እንጂ ነዳጅ የሚረጩት ኢንጄክተሮች የመዳብ ቀለበቶች ሲደክሙ የቃጠሎ ጋዝ ወደ ዘይቱ ያልፋል፤ ዘይቱ ይወፍራል፤ ከዘይት መያዣው ሥር ያለው ወንፊት በጥላሸት ይደፈናል፤ ሞተሩም ዘይት እያለው በዘይት እጥረት ይሞታል። ስለዚህ ኪሎ ሜትሩ ከፍ ያለ 1ኬዲ ሲገዛ ቀለበቶቹ መቼ እንደተቀየሩ መጠየቅ ግድ ነው። የቫልቮቹንና የፒስተኖቹን እንቅስቃሴ የሚያቀናጀው ታይሚንጉም በሰንሰለት ሳይሆን በቺንጋ (በላስቲክ ቀበቶ) ስለሚሠራ፣ እንደየገበያው ከ100,000 እስከ 150,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ መቀየሩ በሰነድ መረጋገጥ አለበት። ከ2015 በኋላ የመጣው ባለ 2.8 ሊትር ሞተር በሰንሰለት ይሠራል፤ ኃይሉም ይበልጣል። የእርሱ ጣጣ የጭስ ማጣሪያው ነው፤ ማጣሪያው ጥላሸቱን በአግባቡ ማቃጠል ስላቃተው ከ2015 እስከ 2020 የተሸጡት መኪኖች ጉዳይ በአውስትራሊያ ፌዴራል ፍርድ ቤት እስከ መታየት ደርሷል። ጉዞው አጭርና ዘገምተኛ የሆነ ሰው ማጣሪያ ያለውን ናፍጣ ሞተር በተለይ ቢጠነቀቀው ይሻላል፤ ማጣሪያው ራሱን ለማጽዳት ሳይቋረጥ ሞቆ መሄድን ይፈልጋልና።

የአይሱዙ ዲ-ማክስ ባለ 3.0 ሊትር ሞተር፣ 4ጄጄ1፣ ከሁሉም ይበልጥ ልቤን የማረከው ነው። ይኸው ሞተር በኩባንያው ቀላል የጭነት መኪኖች ላይም የሚሠራ በመሆኑ ፒክአፕ ላይ ሲገጠም አቅሙን ሁሉ እንዲያወጣ አልተጨነቀም፤ ታይሚንጉም በሰንሰለት ነው። ጩኸቱ ይሰማል፤ ይህን አልክድም። የፎርድ ሬንጀር ባለ 3.2 ሊትር አምስት ሲሊንደር ሞተር ደግሞ 200 ፈረስ ጉልበትና 470 ኒውተን ሜትር ቶርክ (የማዞር ኃይል) ያለው፣ ለመንዳት እጅግ ደስ የሚል ነው። በዚህ ሞተር ላይ ግን ዘይት ሲቀየር ለረጅም ጊዜ ተፈስሶ ከቆየ የዘይት ፓምፑ እንደገና መሳብ ሊያቅተው ይችላል፤ ስለዚህ ሰርቪሱን ማን እንዳደረገው ማወቅ የሰርቪሱን ቁጥር ከማወቅ ይበልጣል። የዲ40 ናቫራ ባለ 2.5 ሊትር ሞተር በታይሚንግ ሰንሰለት መላላት ይታወቃል፤ ጠዋት ሲነሳ ከፊት በኩል የሚንኳኳ ከሆነ እዚያው ትቶ መሄድ ነው። በአሜሪካ ገበያ ፍሮንቲየር የተባለው አቻው ደግሞ ከ2005 እስከ 2010 ባሉት ምርቶቹ፣ ራዲያተሩ ውስጥ ያለው የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ተቀዶ የራዲያተሩ ፈሳሽ ከአውቶማቲክ ካምቢዮው ዘይት ጋር ይቀላቀል ነበር። የራዲያተሩ ክዳን ሲከፈት ፈሳሹ ደፍርሶ ሮዝማ ከሆነ ካምቢዮው ዕድሜው እያለቀ ነው።

ወደ ምቾት ስመጣ፣ ብዙ ሰው ምቾትን እንደ ቅንጦት ሲቆጥረው አዝናለሁ። ስምንት ሰዓት ያሽከረከረ ሰው ወገቡ ከደነዘዘ ዓይኑም ይደክማል፤ ደካማ ዓይን ደግሞ አደጋ ነው። ችግሩ ፒክአፕ ለጭነት ተብሎ የተሠራ መሆኑ ነው። አንድ ቶን እንዲችል የተጠነከረ ባሌስትራ ባዶውን ሲሄድ አይታዘዝም፤ ጉድጓዱን ሁሉ ወደ ጋቢናው ያስተላልፈዋል፤ ሁለትና ሦስት መቶ ኪሎ ሲጫንበት ግን ረጋ ይላል። ስለዚህ መኪናው ሲሞከር ባዶውን ብቻ ነድቶ መፍረድ አይገባም፤ የሚቻል ከሆነ የዕለት ጭነትን የሚያህል ነገር ተጭኖ መሞከር አለበት። ከ2014 በኋላ የመጣው ዲ23 ናቫራ ደብል ጋቢናው ላይ በባሌስትራ ፋንታ ሞላና አምስት ማያያዣ ክንዶችን ስለሚጠቀም ባዶውን ከሌሎቹ ይለሰልሳል፤ በምላሹ ከባድ ጭነት ሲጫንበት ጀርባው ጎንበስ ይላል። ሆንዳ ሪጅላይን ደግሞ ሻንሲና አካሉ አንድ ሆነው የተሠሩ፣ የኋላ ጎማዎቹም ለየብቻ የሚንቀሳቀሱ በመሆናቸው አነዳዱ እንደ ቤት መኪና ነው፤ የሚስበው ግን ከ2.3 ቶን አይበልጥም።

የኋላ ወንበሩን ገዢዎች እምብዛም አይቀመጡበትም፤ ቤተሰቡ ግን ዓመቱን ሙሉ የሚቀመጠው እዚያ ነው። የብዙ ደብል ጋቢና የኋላ መደገፊያ ቀጥ ያለ ነው፤ መቀመጫው ከወለሉ ብዙ ስለማይርቅም ጉልበት ወደ ላይ ይቀሰራል። ሬንጀርና ፎልክስዋገን አማሮክ በዚህ ረገድ ይሻላሉ። ሃይሉክስ ላይ ለግማሽ ሰዓት ተቀምጬ ትከሻዬን ለማሳረፍ ቦታ ስፈልግ ነበር። ሬንጀር ከ2015 እድሳት ጀምሮ መሪው በኤሌክትሪክ ስለሚታገዝ ጠባብ ቦታ ውስጥ ሲዞር ክንድን አያደክምም፤ በየቀኑ ለሚያቆምና ለሚያወጣ ሰው ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር ትልቅ ነው።

ስለ ጉልበት ብዙ አልጽፍም፤ ምክንያቱም ከነዳኋቸው መካከል ለሥራው የማይበቃ አላገኘሁም። የአማሮክ ባለ 3.0 ሊትር ቪ6 (ስድስት ሲሊንደር) ሞተር ከ2016 ጀምሮ 550 ኒውተን ሜትር ይሰጣል፤ እስከ 2020 የተሠራው ባለ 2.8 ሊትሩ ሃይሉክስ በአውቶማቲክ ካምቢዮ 450፤ ሁለተኛው ትውልድ ዲ-ማክስ 380፣ ከ2017 በኋላም በአንዳንድ ገበያዎች 430። ልዩነቱ ባዶ ሜዳ ላይ አይሰማም። የሚሰማው መኪናው ተጭኖ ዳገት ላይ ሌላውን ለማለፍ ሲሞክር ነው፤ ይህን በሳምንት አንድ ጊዜ የሚያደርግ ሰው ለቪ6 ውስብስብነት መክፈል ያለበት አይመስለኝም። ብዙዎቹ እስከ 3.5 ቶን ይስባሉ ተብሎ የሚነገረውም ቢሆን በሳጥኑ ላይ ሙሉ ጭነት ሳይኖር ነው፤ የመኪናው፣ የጭነቱና የተሳቢው ድምር የራሱ ገደብ አለው፤ ገደቡም በመመሪያው ላይ ተጽፏል።

አራቱም ጎማ የሚሠራበት መንገድ ግን ትኩረት ይሻል። ሃይሉክስ፣ ሬንጀርና ዲ-ማክስ በአብዛኛው የፊትና የኋላ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያስችል መካከለኛ ዲፍረንሻል ስለሌላቸው ደረቅ አስፋልት ላይ አራቱንም አስገብቶ መንዳት የማስተላለፊያ ክፍሎቹን ያስጨንቃል። ሚትሱቢሺ ኤል200 ሱፐር ሴሌክት የተባለው ዓይነት ሲኖረው በአስፋልትም ላይ አራቱን መጠቀም ያስችላል፤ ዝናብ በበዛበት መንገድ ላይ ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው። በሙከራው ጊዜ ከባዱን ማርሽ፣ ማለትም መኪናው በዝግታ ግን በኃይል የሚሄድበትን፣ ማስገባትና ልቅ አፈር ላይ ጥቂት መሄድ ያስፈልጋል፤ ለዓመታት ያልተነካ ከሆነ ሊገባ እንቢ ይላልና።

በመጨረሻ የገዛሁት ሁለተኛው ትውልድ ዲ-ማክስ ነው፤ ማንዋል፣ የሰርቪስ መዝገቡ የተሟላ፣ ሻንሲው ያልተቀባና ያልተበላ። ሥራዬ በአብዛኛው ሰው ማጓጓዝ ቢሆን ኖሮ ሻንሲው የተመረመረ ዲ23 ናቫራ እወስድ ነበር። የዲ-ማክሱ ጩኸት አሁንም አለ፤ ጀርባው ባዶውን ሲሄድ ይዘል ነበር። አራቱን ሾክ አብዞርበሮች ቀይሬያለሁ፤ የኋላ ጎማዎቹንም ንፋስ በበሩ ሰሌዳ ላይ ለባዶ መኪና ወደተጻፈው ልክ አውርጃለሁ። ጭነት ባለበት ቀን ጠዋት መልሼ እሞላቸዋለሁ።