ዊንዶውስና ሊነክስ በአንድ ላፕቶፕ፦ ዲስኩን መክፈል፣ ሁለተኛ ኤስኤስዲ ወይስ የውጭ ዲስክ?

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሶፍትዌር የሚማር ልጅ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ሊነክስ የሚባለው ሲስተም ያስፈልገዋል፤ የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪና የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝ የሚሠሩበትን ዊንዶውስ ግን መተው አይችልም። ሁለቱን አንድ ላፕቶፕ ላይ ለማኖር ዋና ዋናዎቹ መንገዶች ሦስት ናቸው፤ ያለውን ዲስክ መክፈል፣ ሁለተኛ ኤስኤስዲ (ፈጣን ዲስክ) መጨመር፣ ወይም ሊነክሱን የውጭ ዲስክ ላይ መጫን። ላፕቶፑ ውስጥ ቦታ ካለ ሳታመነቱ ሁለተኛ ኤስኤስዲ ግዙ እላለሁ።

ዲስክ መክፈል ብር አይጠይቅም፤ ብዙ ሰው የሚመርጠውም ለዚሁ ነው። ከሊነክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነው ኡቡንቱ 24.04 ቢያንስ 25 ጊጋባይት ይፈልጋል፤ ተረጋግቶ ለመሥራት ግን 60 ያህል መስጠት ይሻላል። ዲስኩ 256 ከሆነና ግማሹ በፊልምና በፎቶ ከተያዘ ሁለቱም ሲስተሞች ይጠባቸዋል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ መብራት ነው። የዊንዶውሱ ክፍል እየጠበበ ሳለ መብራት እልም ቢል፣ ያገለገለ ላፕቶፕ ባትሪ ደግሞ ብዙም ስለማይቆይ፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። በዚህ መንገድ የምትሄዱ ከሆነ ፋይላችሁን አስቀድማችሁ ሌላ ቦታ ገልብጡ። ዲስኩን በቁልፍ የሚዘጋው የዊንዶውሱ ቢትሎከር በርቶ ከሆነም 48 አሃዝ ያለውን መክፈቻ ቁልፍ ወረቀት ላይ ጻፉ።

ሁለተኛ ኤስኤስዲ ሲጨመር የዊንዶውሱ ዲስክ አይነካም። ዋናው ሥራ ያለው ግዢው ላይ ነው። ባለ ሱቁን «ወንድሜ፣ የጀርባውን ክዳን ክፈትልኝና ልየው» በሉት። አንዳንዱ ላፕቶፕ ባለ 2.5 ኢንች ዲስክ የሚገባበት ቦታና ኤም.2 የሚባለው የቀጭኑ ኤስኤስዲ ማስገቢያ ሁለቱንም አለው፤ አንዳንዱ ስስ ላፕቶፕ ግን ያለው አንድ ብቻ ነው። ኤም.2 ራሱ ሳታና ኤንቪኤምኢ የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች አሉት፤ መልካቸው ይመሳሰላል፣ ሳታ ብቻ የሚቀበል ማስገቢያ ግን ኤንቪኤምኢውን አያነበውም። ዕቃ ለመቀየር ብቻ 130 ኪሎ ሜትር ወደ አዲስ አበባ ከመመለስ የላፕቶፑን ሞዴል ጽፎ መሄድ ይቀላል። ሊነክሱ ሲጫን የዊንዶውሱን ዲስክ ንቀሉት፤ አለበለዚያ የሊነክሱ ማስነሻ ፋይል እዚያው ዊንዶውሱ ዲስክ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ከዚያ በኋላ ስትከፍቱ ብዙ ኤችፒ ላይ ኤፍ9፣ ዴል ላይ ኤፍ12 እየተጫናችሁ የሚነሳውን ሲስተም ትመርጣላችሁ።

የውጭ ኤስኤስዲ የሚሆነው ማስገቢያው አንድ ብቻ ለሆነ፣ ወይም ኮምፒውተሩ የመሥሪያ ቤት ሆኖ መክፈት ለማይችል ሰው ነው። ዩኤስቢ 3.0 ላይ ሰኩት። ተራ ፍላሽ ለመጫኛ እንጂ ለዕለት ሥራ አይሆንም፤ ይንቀራፈፋል፣ ቶሎም ያልቃል። የውጭ ዲስክ ገመዱ በሥራ መሐል ከተነቀለ ሲስተሙ ቀጥ ይላል፤ ጠባብ ዶርም ውስጥ ለሚሠራ ተማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሊነክስን ዊንዶውስ ውስጥ በቨርቹዋል ማሽን (እንደ ሌላ ኮምፒውተር በሚሠራ ፕሮግራም) ማስነሳትም ይቻላል፤ ራማችሁ 16 ጊጋባይት ካልሆነ ግን አልመክርም።

የትኛውንም ብትመርጡ ዊንዶውስ ላይ ኮምፒውተሩ ቶሎ እንዲነሳ የሚያደርገውን ፋስት ስታርታፕ አጥፉ፤ ካልጠፋ ሊነክስ የዊንዶውሱን ክፍል ማንበብ እንጂ መጻፍ ላይችል ይችላል። ከሊነክስ ወደ ዊንዶውስ ስትመለሱ ሰዓቱ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል። ሊነክስ ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚያስቀምጠው የዓለም አቀፉን ሰዓት ነው፣ ዊንዶውስ ግን የአገር ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል። ሊነክሱ የአገር ሰዓት እንዲይዝ ማድረግ በአንድ ትእዛዝ ያልቃል።

ያገለገለ ላፕቶፕ የምትገዙ ከሆነ የኢንቴል ፕሮሰሰሩ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ይሁን። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከዚያ በታች ያሉትን በይፋ አይቀበልም ማለት ይቻላል። ራሙ 4 ብቻ ከሆነ ብራችሁን መጀመሪያ ወደ 8 ለማሳደግ አውሉት፤ እስከዚያው ዲስኩን ከፍላችሁ ከኡቡንቱ ይልቅ ቀለል ያለውን ሊነክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢን ጫኑ። ኤስኤስዲው በሚቀጥለው ወር ይደርሳል።