ሁለቱ እትሞች ጠረጴዛዬ ላይ፦ ስለ ዲኤስኤም-5-ቲአር የአመጋገብ ምዕራፍ

ያገለገለ ዲኤስኤም-5-ቲአር በ90 ዶላር ገዛሁ። የአሜሪካ ሳይካትሪ ማኅበር በ2022 ያሳተመው ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጆቹ ነው)። አሜሪካ ውስጥ የአእምሮ ሐኪሞች ለሕመም ስም የሚሰጡት በዚህ መጽሐፍ ነው። ከ1,000 ገጽ በላይ ስለሆነ አልጋ ላይ ጋደም ብሎ የሚነበብ አይደለም። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሜሪላንድ ውስጥ ከሆስፒታል ሆስፒታል እየዞርኩ በአማርኛ አስተረጉማለሁ። የገዛሁትም ለአንድ ምዕራፍ ብዬ ነው፤ ስለ አመጋገብ መታወክ ለሚናገረው። የ1994ቱን ዲኤስኤም-4 ደግሞ ከጓደኛዬ ተዋስኩና ጎን ለጎን አነበብኳቸው።

ምክንያቴን ልንገራችሁ። በ2009 የ19 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ65 ነው። በስድስት ወር ውስጥ ከ82 ኪሎ ወደ 63 ወረድኩ። መጀመሪያ ቁርስ ተውኩ፣ ከዚያ ምሳ፣ ከዚያ እራት ላይ ጉርሻ መቁጠር ጀመርኩ። ሁዳዴ ሲገባማ ተመቸኝ። 55 ቀን ሙሉ ለምን አትበዪም የሚለኝ የለም። እማዬ "የኔ ልጅ፣ እንዴት በረታሽ!" እያለች ትመርቀኝ ነበር። ሰርግ ላይ ያገኘኝ ሁሉ "አምሮብሻል፣ ምን ሠርተሽ ነው?" ይለኛል። ነገሩ የወጣው ቅዳሴ ላይ ቆሜ ስወድቅ ነው። ንስሐ አባቴ "ልጄ፣ የታመመ ሰው ጾም የለበትም፤ ብዪ" አሉኝ።

የሄድኩበት ክሊኒክ ግን ክብደትሽ ጤናማ ነው አለኝ። የወር አበባሽም አልቆመም፣ ስለዚህ አኖሬክሲያ፣ ማለትም ክብደት መጨመርን እየፈሩ ራስን የማስራብ ሕመም፣ አይደለም ተባልኩ። ተኝቼ ሲለካ የልብ ምቴ በደቂቃ 44 ብቻ ነበር፤ በጣም ዝቅ ያለ ነው። ወረቀቱ ላይ "በሌላ ስም ያልተለየ የአመጋገብ መታወክ" ተብሎ ተጻፈ። እኔም እንግዲያው አልታመምኩም ብዬ ወጣሁ። አንድ ዓመት ሙሉ በዚያው ቀጠልኩ።

አሮጌውን እትም ስገልጥ ያ ሐኪም ምን ይዞ እንዳየኝ ገባኝ። በዲኤስኤም-4 አኖሬክሲያ ለመባል ክብደት ይጠበቃል ከሚባለው 85 በመቶ በታች መውረድ ነበረበት፤ ለምሳሌነት የተቀመጠው ቁጥር ይህ ነው። ሴት ከሆነች ደግሞ የወር አበባዋ በተከታታይ ሦስት ጊዜ መቅረት አለበት። ያን ያላሟላ "ሌላ" በሚለው ክፍል ይገባል። እዚያ ከተዘረዘሩት ምሳሌዎች አንዱ ብዙ ኪሎ ቀንሶ ክብደቱ ግን ጤናማ በሚባለው ውስጥ ያለን ሰው ይገልጻል። እኔን ነው የሚገልጸው! ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በዚያ ዘመን በተመላላሽ ክሊኒኮች ከሁሉ የበዛው ምርመራ ይኸው "ሌላ" ነበር። አብዛኛው ታማሚ "ሌላ" ከተባለ፣ ጥፋቱ የመስፈርቱ ጥበት እንጂ የታማሚው አይደለም።

በ2013 ዲኤስኤም-5 ሲወጣ ብዙ ነገር ተስተካክሏል። የወር አበባው መስፈርት ተነሳ። ለወንዶችና የወሊድ መከላከያ ለሚወስዱ ሴቶች ከመጀመሪያውም ትርጉም አልነበረውም። ቡሊሚያ (ከልክ በላይ በልቶ በማስመለስና በመሳሰለው የማካካስ ሕመም) ለመባል በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚለው ወደ አንድ ጊዜ ወረደ፤ ሦስት ወር መቆየቱ እንዳለ ነው። ራስን መቆጣጠር እስኪያቅት መብላትም ከአባሪ ወጥቶ የራሱን ስም አገኘ። ክብደት መጨመርን ሳይፈሩ ምግብን የሚሸሹም አሁን ቦታ አላቸው። እዚህ ላይ ደስ ያለኝ፣ በባህል ወይም በእምነት የሚደረግ ልማድ ብቻውን ሕመም እንዳልሆነ መጻፉ ነው። ጾማችን በሽታ አይደለም። በሽታ ግን ከጾም ጀርባ ሊደበቅ ይችላል፤ እኔ ምስክር ነኝ።

የእኔ ዓይነቱ ሕመምም ስም ወጣለት። ችግሬ ከስሙ ጋር ነው። በእንግሊዝኛ "ኤቲፒካል አኖሬክሲያ" ይሉታል። በአማርኛ ምን ልበለው? "ያልተለመደ" ስል ሰው ብርቅ ነገር ይመስለዋል። "ኢ-መደበኛ" ስል እውነተኛው አይደለም የሚል ይሆናል። ይህ ስም መቀየር አለበት ብዬ አምናለሁ። የአኖሬክሲያ ደረጃ አሰጣጡም እንዲሁ ያስጨንቀኛል። ለአዋቂ መነሻው ቢኤምአይ ነው፣ ክብደት ከቁመት ጋር ተመዛዝኖ የሚገኘው ቁጥር፦ 17 እና ከዚያ በላይ ከሆነ "ማይልድ"፣ ከ15 በታች ከሆነ "ኤክስትሪም"፣ እጅግ የከፋ። "ማይልድ" በአማርኛ "ቀላል" ነው። "ቀላል ነው" የተባለች እናት እግዚአብሔር ይመስገን ብላ ልጇን ይዛ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። አስተርጓሚ ደግሞ ከራሱ አይጨምርም። ስለዚህ ሐኪሙን "እባክዎ፣ ምን ማለት እንደሆነ በሙሉ ዓረፍተ ነገር ያስረዷቸው" እላለሁ።

የ2022ቱን እትም ከ2013ቱ የመረጥኩት ለአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ክብደታቸው ጤናማ በሚባለው ውስጥ ያሉትም በአኖሬክሲያ የሚመጣው የአካል ጉዳት ብዙው ሊደርስባቸው እንደሚችል በግልጽ ተጨምሯል። ለእማዬ ተርጉሜ አነበብኩላት። "ያኔ ልብሽ ታሞ ነበር ማለት ነው?" አለችኝ። "አዎ እማዬ" አልኳት።

ልግዛው ለምትሉ፦ ነርስ፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ወይም እንደ እኔ አስተርጓሚ ከሆናችሁ ያገለገለውን ፈልጉ። እንግሊዝኛው ይከብዳል፣ ፊደሉም ትንሽ ነው። ለወላጅ ግን አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መዝገብ፣ አይሲዲ-11፣ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይነበባል፣ በ2022 ሥራ ላይ የዋለ ነው። እሱ ለአኖሬክሲያ፣ ለአዋቂ ከ18.5 በታች የሆነ ቢኤምአይን ይጠቅሳል። በስድስት ወር ውስጥ ከክብደት ከ20 በመቶ በላይ መቀነስም ሌላው ከተሟላ ዝቅተኛውን ክብደት ሊተካ ይችላል ይላል። የእኔን አሰላሁት፤ 23 በመቶ ነው።