የከሰል አቧራ መለኪያ ሲገዛ፦ ፓምፕና ማጣሪያ ወይስ በፈረቃው መካከል ውጤት የሚያሳይ መሣሪያ?

በከሰል ማዕድን ውስጥ ሳንባን የሚጎዳው በዓይን የሚታየው ወፍራም አቧራ ሳይሆን፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሳያስቀሩት እስከ ሳንባ ጥልቅ ክፍል የሚዘልቀው ደቃቁ ነው። ስለዚህ የደኅንነት ኃላፊ ሊገዛ የሚገባው ሠራተኛው ታጥቆት የሚውለውንና ደቃቁን ከወፍራሙ የሚለይ ሳይክሎን ያለውን መለኪያ ነው፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል መለኪያ ማሽኑ አጠገብ የቆመው ሰው ስለሚተነፍሰው አየር አይናገርም።

የቆየው ዘዴ ፓምፕና ማጣሪያ ነው። ፓምፑ በቀበቶ ይታሰራል፤ ሳይክሎኑና ማጣሪያው ከአንገትጌ አጠገብ ይንጠለጠላሉ። በደቂቃ 2 ሊትር የሚስብ ፓምፕ በ8 ሰዓት ፈረቃ 0.96 ሜትር ኩብ አየር ያሳልፋል፤ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 1 ሚሊግራም ደቃቅ አቧራ ቢኖር ማጣሪያው ላይ የሚቀረው ከዚያም ያነሰ ነው። ይህን ያህል ትንሽ ክብደት የሚለየው የላቦራቶሪ ሚዛን ብቻ ስለሆነ፣ ፓምፑን ከመግዛት በፊት ማጣሪያውን ማን እንደሚመዝን መወሰን ያስፈልጋል። የአያያዝ ጥንቃቄም አለው። ሠራተኛው ለምሳ ሲወጣ ትጥቁን አውልቆ አግዳሚ ወንበር ላይ ቢጥለውና ሳይክሎኑ ቢዘቀዘቅ፣ ከሥሩ ባለችው ትንሽ ቆብ የተጠራቀመው ወፍራም አቧራ ተመልሶ ማጣሪያው ላይ ይወርዳል፤ የዚያ ቀን ናሙናም ዋጋ ያጣል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ውጤቱ የሚደርሰው ሰውየው አቧራውን ከተነፈሰ ከቀናት በኋላ መሆኑ ነው።

ይህን ክፍተት ለመድፈን የተሠራው ቀጣይነት ያለው የግል አቧራ መለኪያ ነው፤ በስፋት የሚታወቀው የቴርሞ ፊሸር ፒዲኤም 3700 ነው። በውስጡ ማጣሪያው በሚርገበገብ ቀጭን ቱቦ ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ አቧራ ሲያርፍበት ርግብግቡ ስለሚዘገይ፣ መሣሪያው ከዚያ ተነሥቶ ክብደቱን ያሰላል። ሠራተኛው የመጨረሻውን 30 ደቂቃ አማካይና ከፈረቃው መጀመሪያ ጀምሮ የተጠራቀመውን መጠን በስክሪኑ ላይ ያነባል፤ ቁጥሩ ሲያሻቅብ የውኃ መርጫውን ማስተካከል ወይም አቧራው ከማይነፍስበት ወገን መቆም ይችላል። አሜሪካ ከየካቲት 2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከመሬት በታች ባሉ የከሰል ማዕድኖቿ ለአቧራ በጣም በተጋለጡ ሥራዎች ላይ ይህን ዓይነት መሣሪያ አስገድዳለች፤ በዚያው ዓመት ነሐሴም የአቧራውን ጣሪያ ከ2.0 ወደ 1.5 ሚሊግራም በሜትር ኩብ ዝቅ አድርጋለች። ዋጋው ግን ከፓምፑ ብዙ እጥፍ ነው፤ 2 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝንም በጠባብ ቦታ ጎንበስ ብሎ ለሚሠራ ሰው ቀላል ሸክም አይደለም።

አንድ ነገር በተለይ አሳስባለሁ። ይህ ውድ መሣሪያ የአቧራውን ክብደት እንጂ ምንነቱን አይነግርም። የከሰሉ ንብርብር ቀጭን ሆኖ ማሽኑ ከላይና ከታች ያለውን ድንጋይ አብሮ ሲቆርጥ፣ ከከሰሉ ይልቅ ሳንባን የሚጎዳው ሲሊካ የተባለው የድንጋይ ማዕድን ይበዛል። ሲሊካ የሚታወቀው ማጣሪያው በላቦራቶሪ ሲመረመር ነው። ስለዚህ ድንጋይ በሚቆረጥበት ቦታ ፓምፑን የሚተካው የለም፤ ፒዲኤሙ ቢገዛም በተጨማሪነት ነው።

በብርሃን መበተን፣ ማለትም አቧራው የሚበትነውን ብርሃን በመለካት፣ የሚሠሩት ርካሽ መለኪያዎች አቧራው የት እንደሚነሣ ለመፈለግ ይረዳሉ። ነገር ግን የውኃ ብናኝን እንደ አቧራ ሊቆጥሩና እንደ ቅንጣቱ መጠን ንባባቸው ሊለዋወጥ ስለሚችል፣ የሠራተኛን ተጋላጭነት በእነሱ ብቻ መወሰን አይገባም።

በአገራችን ለሲሚንቶ ፋብሪካዎች ከሰል የሚያወጣና ሥራው በክፍት ጉድጓድ የሆነ ድርጅት፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ መጀመሪያ ጥቂት ጥሩ ፓምፖችን፣ የፓምፑን የአየር ፍሰት ማረጋገጫ መሣሪያና ማጣሪያዎችን ገዝቶ ከላቦራቶሪ ጋር ቢዋዋል ይሻለዋል። ከመሬት በታች በማሽን የሚቆርጥ ግን፣ ቁጥሩ ሲያሻቅብ ሥራውን አቁሞ አየሩን ለማስተካከል ሥልጣን ያለው የፈረቃ ኃላፊ ካለው፣ ፒዲኤሙን ይጨምር። በዚያ ሥፍራ ሚቴን ሊኖር ስለሚችል፣ የትኛውም መሣሪያ ሲገዛ ፍንዳታ እንዳያስነሣ የተረጋገጠለት መሆኑን የሚያሳየውን ሰነድ ከዋጋው በፊት መጠየቅ ግዴታ ነው።