የሰጠመ ጥንታዊ መርከብ ለመፈለግ፦ ሶናር ይሻላል ወይስ ማግኔቶሜትር?

መሣሪያ ከመግዛታችሁ በፊት ስለምትፈልጉት መርከብ ሁለት ነገር አጣሩ። ከእንጨት ነው ወይስ ከብረት የተሠራው? የባሕሩ ወለል ላይ ተቀምጧል ወይስ ደለል ውጦታል? የሻጩን ወረቀት ብታገላብጡት ይህን አይነግራችሁም። ምርጫውን የሚወስነው ግን ይኸው ነው።

ሳይድ ስካን ሶናር በገመድ ከጀልባ ኋላ ይጎተታል። ወደ ግራና ቀኝ ድምፅ ይለቃል፤ ተመልሶ የሚመጣውን ወደ ምስል ይቀይራል። ውሃው ቢደፈርስም ግድ የለውም። ከወለሉ ብቅ ያለ ነገር ሁሉ በምስሉ ላይ ጥላ ይጥላል። ብዙ ጊዜ መርከቡን የሚያሳብቀው ጥላው ነው። በ1845 (በፈረንጆች) ከእንግሊዝ ተነሥታ በካናዳ አርክቲክ የጠፋችው ኤሬበስ በ2014 የተገኘችው በሶናር ነው፤ ያለችው 11 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ነበር። ሶናሩ ብቻውን ግን አልሠራውም። የት መፈለግ እንዳለበት የጠቆመው የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆነው ኢንዊት በቃል ያቆየው ታሪክ ነው። ስለዚህ ለመሣሪያ ከምትመድቡት ጊዜ ለመዛግብትና ለአካባቢው ሽማግሌዎችም አካፍሉ።

ይህ ዓይነቱ ሶናር የተቀበረን ነገር አያይም። ማግኔቶሜትር የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው። የምድርን መግነጢሳዊ መስክ ይለካል፤ የብረት መድፍ ወይም መልህቅ ካለ መስኩ ይዛባል። ደለል አያግደውም። በ1864 የሰጠመችው ሀንሊ የተባለች ሰርጓጅ መርከብ ደለል ለብሳ ቆይታ በ1995 የተገኘችው በዚህ መሣሪያ ነው።

ድክመቱም ቀላል አይደለም። ምስል አይሰጥም፤ የሚነግራችሁ «እዚህ ብረት አለ» ብቻ ነው። የተጣለ ቧንቧም ብረት ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ምልክቱ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ስለዚህ ጠጋ ጠጋ ባሉ መስመሮች መመላለስ ግድ ይላል፤ ጊዜውም ነዳጁም ይበዛል። ብረት የሌለበት የእንጨት ጀልባ ደግሞ ጭራሽ አይታየውም።

አቅማችሁ ለአንድ ብቻ ከሆነ እኔ ሶናሩን ግዙ፣ ማግኔቶሜትሩን ተከራዩ እላለሁ። ሶናሩ ሁለት ፍሪኩዌንሲ (የድምፅ ሞገድ ድግግሞሽ) ያለው ይሁን፦ ዝቅተኛው ርቆ ይደርሳል፣ ከፍተኛው ጥቃቅኑን ያሳያል። የምትፈልጉበት ቦታ አሸዋው የሚንቀሳቀስ ከሆነና መርከቡ መድፍ የጫነ ከነበረ ግን ምክሬን ገልብጡት።

ቦታው ከተገኘ በኋላ ሮቦት ይመጣል። ገመድ አልባው ሰፊ ቦታ ብቻውን ያስሳል፤ ያየውን የምታዩት ግን በአብዛኛው ሲመለስ ነው። ባለ ገመዱ ምስሉን እዚያው በቀጥታ ይልካል። በ2022 በአንታርክቲካ የሰጠመችው ኢንዱራንስ የተባለች መርከብ 3,008 ሜትር ጥልቀት ላይ ስትገኝ የተሠራበት ሁለቱን ያዋሐደ ዓይነት ነበር። ለትንሽ ቡድን ባለ ገመዱ ይበቃል።

ካሜራና መብራት ላይ ግን እባካችሁ አትሰስቱ። የዩኔስኮ የ2001 ስምምነት ቅርሱ ባለበት እንዲቆይ ቅድሚያ ይሰጣል። ስለዚህ ይዛችሁ የምትወጡት ፎቶ ነው። ተደራራቢ ፎቶዎች በኮምፒውተር ተገጣጥመው የመርከቡን ሙሉ ቅርጽ ያወጣሉ። የታይታኒክ ሞዴል የተሠራው ወደ 700,000 ከሚጠጉ ምስሎች ነው። መብራቱን ከካሜራው ራቅ አድርጎ ማሰር የሚያስችል ማቀፊያ ምረጡ። ተጠግቶ ከበራ ውሃው ውስጥ የሚንሳፈፈው ብናኝ ያንጸባርቅና ፎቶው በነጭ ነጠብጣብ ይሞላል።