«ልጣለው?» ብለው ለሚጠይቁት አባባ

የምስጋና ጽሁፍ አይሆንልኝም። ይሄን ለመጻፍ እንኳ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ግን የእናታችሁ ሲንጀር የስፌት መኪና ጥግ ላይ ጨርቅ ለብሶ የተቀመጠባችሁ ሰዎች እኚህን ጠጋኝ ሳታውቋቸው ብትቀሩ ይቆጨኛል።

እማዬ ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ያደግነው ድሬዳዋ፣ ለገሃሬ ነው። አባታችን ልጆች ሳለን ስለሞተ ያሳደገችን በዚያች መኪና ነው። በእቁብ ብር የገዛቻት፣ ያውም አሮጌ። መስከረም ሲጠባ የሰፈሩን ልጆች ዩኒፎርም ትሰፋለች። ረመዳን ሲጋመስ ደግሞ ለኢድ የሚደርስ ድሪያና ሽቲ ይከመርባታል። ቀን የድሬ ሙቀት አያሰራም። ስለዚህ ማታ ማታ በረንዳ ላይ አውጥታ ትሰፋለች፤ እኛን እንቅልፍ የሚወስደን በዚያ ድምፅ ነው። እኔም ከሷ ተምሬ እሰፋ ነበር። እንጀራዬ የቢሮ ስራ ነው፤ ከራሴ አውጥቼ የምሰራው ነገር ቢኖር ግን ስፌት ብቻ ነበር። እሷ ስትሞት ተውኩት። ሙት ዓመቷ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ክር አስገብቼ ፔዳሉን ብረግጠው መዘውሩ ንቅንቅ አልል አለኝ።

ወንድሜ «የብረት እግሯን ካፌ ያላቸው ሰዎች ለጠረጴዛ ይገዙታል» አለ። ክፋት የለውም። እሱ የሚያዝነው እንዲህ ነው፣ ዕቃ በመሸጥ። እዚሁ ድሬ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኳት፤ የቱ እንደሆነ አልናገርም። ልጁ ፈታ አድርጎ እንኳ ሳያያት «ይቺማ አልቆላታል፣ ለቁራሌው ስጫት» አለኝ። ስመለስ ባጃጅ ውስጥ አለቀስኩ። ለቅሶው ላይ እንኳ እንዲያ አላለቀስኩም።

«መኪና ግርግር ሂጂ» ያለችኝ ሐረርን የምታውቅ የስራ ባልደረባዬ ናት። ለማታውቁት፣ ጀጎል ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ የሚወርደው ጠባብ መንገድ ነው። ግራና ቀኙ ልብስ ሰፊ ነው፤ ስሙም የወጣለት ከስፌት መኪኖቹ ድምፅ ነው። አናቷን ከጠረጴዛው ፈታሁ፣ በብርድ ልብስ ጠቀለልኳት፣ ጭኔ ላይ አስቀምጬ በሚኒባስ ደንገጎን ወጣሁ። ረዳቱ አየኝና «አቦ፣ ህፃኑ እንዳይታፈን!» አለኝ። ብረት መሆኗን ሲያውቅ የዕቃ አስከፈለኝ።

የአባባን ስም አልጽፍም፤ እሳቸውም አይወዱም። «ሲንጀር የሚጠግኑት አባባ» ካላችሁ እዚያ ያለ ሰፊ ሁሉ ያሳያችኋል። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መጀመሪያ በእጃቸው ዳበሷት። ከዚያ መነጽሩን አውርደው ቁጥሯን አነበቡ። «በኢ ይጀምራል። ስኮትላንድ፣ ክላይድባንክ የተሰራች ናት» አሉኝ። ፋብሪካው በአውሮፓውያን 1980 እንደተዘጋ ኋላ ላይ አነበብኩ። እማዬ ስኮትላንድ መሆኗን ብታውቅ ኖሮ ሰፈሩን በጉራ መቀመጫ ታሳጣው ነበር።

በሽታዋ ከባድ አልነበረም። ዘይቱ ደርቆ እንደ ሙጫ ሆኗል። የመርፌዋና የታችኛዋ መንጠቆ ሰዓትም ተዛብቷል። መዘውሩን በአንድ ጣት ዝግ አድርገው እያዞሩ አሳዩኝ። መርፌዋ ወርዳ ልትመለስ ስትል ክሩ ትንሽ ይላላና ቀለበት ይሰራል። መንጠቆዋ ልክ በዚያች ቅጽበት ደርሳ ቀለበቱን ካልያዘችው ስፌቱ ይዘላል። የፀጉር ያህል ብትዘገይ በቃ። ያን ሁሉ ዓመት እማዬ አጠገብ ተቀምጬ ይሄን አንድም ቀን አላየሁም። እኔ የማየው እጇን ነበር።

ከዚያ ከመርፌዋ ስር ያለችውን ሳህን ፈቱ። ውስጡ የተጠቀጠቀ ብናኝ ነው። ለእኔ ቆሻሻ ነበር። በቀጭን ብረት ጠርዙን ቀስ ብለው ሲያነሱት እንደ ቂጣ ተያይዞ ወጣ። ከላይ የድሪያ ብርቱካናማ። ከስሩ የዩኒፎርም ሰማያዊ፣ ወፍራም ነው። ከዚያ ነጭ፣ የማን እንደሆነ እንጃ። እንደገና ሰማያዊ። መሃሉ ላይ የተሰበረ መርፌ ጫፍ ተሰክቷል። አባባ በሁለት ጣታቸው ይዘውት ቀና አሉና፣

«ልጣለው?» አሉኝ።

ስለ እናቴ ምንም አልነገርኳቸውም ነበር። መልስ አልወጣኝም፣ እጄን ብቻ ዘረጋሁ። ጋዜጣ ቀደው ጠቅልለው ሰጡኝና ነጭ ጋዝ በብሩሽ እየነከሩ ማጠብ ጀመሩ። ለእኔ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኋላ ቁጭ ብዬ እንዳየሁት ለሁሉም ይጠይቃሉ፣ ጥርሷ ላለቀ ብሎን እንኳ።

ጉድለታቸውንም ልናገር፣ አለዚያ ጥቆማ አይሆንም። ሐሙስ ብለውኝ የደረሰው በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ነው። ስልክ አያነሱም። አርብ ለጁምዓ ይዘጋሉ። በሌላውም ቀን ከሰባት ሰዓት በኋላ ባትሄዱ ይሻላል፣ የበርጫ ሰዓት ነው። ሒሳቡ 800 ብር ነበር፣ ለመዘውሩ አዲስ ጠፍር ጨምረው። የኤሌክትሪክ መኪና አይነኩም፤ «እሱን ለልጆቹ» ነው የሚሉት።

ባለፈው ቅዳሜ ማታ በረንዳ ላይ አወጣኋት። ከእማዬ ድሪያዎች አንዱን ለትራስ ልብስ ቆረጥኩ። መቀሱን ይዤ ምን ያህል እንደቆየሁ አትጠይቁኝ። የመጀመሪያው ስፌት ጠመመ። ልተረትረው አልኩና ተውኩት። እሁድ ጠዋት ጎረቤታችን የባሏን ሱሪ ይዛ መጣች። እንደምን አደርሽ እንኳ አላለችኝም። «ማታ ሰማሁ። እግሩን እጠፊልኝ» አለችኝ።

አባባ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይሄን እንደማያነቡት አውቃለሁ። የምትሄዱ ሰዎች የራሳችሁን ክር ያዙ፤ ለመሞከሪያ ያላቸው ጥቁር ብቻ ነው።