የኤስኤፒ የጥራት ዕቅድ ማስተር ዳታ፦ ጠንካራ ነው፣ ቸልታን ግን አይምርም

ኤስኤፒ የድርጅት ሥራ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ነው፤ ማስተር ዳታ ደግሞ ሥራው የሚመራበት ቋሚ መረጃ ነው። የጥራት ሞጁሉ ምርጡ ክፍል በኪውኤስ21 (በሲስተሙ የሚጻፍ የትዕዛዝ ኮድ) የሚከፈተው የፍተሻ መለኪያ ነው። እርጥበትን ወይም ፒኤችን ከነአሃዱና ከነዴሲማሉ አንዴ መዝግበው በብዙ የፍተሻ ዕቅዶች ይጠቀሙበታል። መለኪያው ከዕቅዶቹ ጋር በማጣቀሻ እንደተያያዘ ከቆየ አዲሱን ቨርዥን በሁሉም ላይ በአንድ ጊዜ መተካት ይቻላል። ማጣቀሻው ከተቋረጠ ግን እያንዳንዱን ዕቅድ በእጅ ማረም ነው፤ ይህ ደግሞ አድካሚ ሥራ ነው።

አሠራሩ ቅደም ተከተል ይፈልጋል፦ መጀመሪያ የኮድ ቡድኖች (የፍተሻ ውጤት የሚመረጥባቸው ዝርዝሮች) በኪውኤስ41፣ ቀጥሎ የፍተሻ ዘዴ በኪውኤስ31፣ መለኪያው፣ የናሙና አወሳሰዱ በኪውዲቪ1፣ መጨረሻ ላይ ዕቅዱ በኪውፒ01።

ደካማ ጎኑ ዝምታው ነው። ዕቃ ገብቶ የፍተሻ ሎቱ (ለሚፈተሸው ዕቃ የሚከፈተው መዝገብ) ሲአርቲዲ ማለትም «ተፈጥሯል» የሚለው ስታተስ ላይ ከቆመ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ዕቅዱ ላይ ነው፦ አጠቃቀሙ 5 (ዕቃ መረከቢያ) አልሆነም፣ ስታተሱ 4 (የተለቀቀ) አልሆነም፣ ወይም የሚጸናበት ቀን ሎቱ ከተፈጠረበት ቀን ዘግይቷል። ከዚህ የሚከፋው በማቴሪያል ማስተሩ (በዕቃው ዋና መዝገብ) ላይ የፍተሻ ዓይነት 01፣ ማለትም የተገዛ ዕቃ ሲገባ የሚደረገው ፍተሻ፣ ሳይነቃ ሲቀር ነው። ያኔ ሎት አይፈጠርም፤ ያልተፈተሸው ዕቃ በቀጥታ ለምርት ክፍት ወደሆነው ክምችት ሊገባ ይችላል። ለመድኃኒትና ለምግብ ፋብሪካ ይህ ከባድ አደጋ ስለሆነ፣ አዲስ ማቴሪያል በተከፈተ ቁጥር በማስተሩ ውስጥ ያለው የጥራት ገጽ ይታይ።