ካምፐር ይዞ ጅማ ለሚገባ ሰው፦ የሲሊንደር ቅያሪው ሲመዘን

ጅማ መርካቶ አካባቢ ያለው ይህ የጋዝ ሱቅ አንድ የሚያስመሰግነው ነገር አለው፦ ሚዛኑ በር ላይ ነው ያለው። "ልመዝነው" ሲሉት ፊቱን የሚያጠቁር ሻጭም የለም። ማደሪያና ማብሰያ ያለው ካምፐር ይዞ ወደ ቦንጋ ለሚወርድ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ከወዲሁ ይታወቅ፤ እዚህ የሚሰጠው አገልግሎት ቅያሪ እንጂ ሙሌት አይደለም። ባዶ ሲሊንደር አስረክቦ የዚያኑ ኩባንያ ሙሉ ሲሊንደር መውሰድ ነው። ከመኪናው ሻሲ ጋር የታሰረ ታንክ ይዞ ለመጣ የሚሰካለት ቱቦ የለም።

አመዛዘኑ እንዲህ ነው። ከሲሊንደሩ አንገት ላይ ባዶ ክብደቱ ተቀርጿል። 13.4 የሚል ከሆነ፣ 12.5 ኪሎ ጋዝ ሲጨመርበት ሚዛኑ 25.9 ማለት አለበት። ካስመዘንናቸው ሦስት ሲሊንደሮች ሁለቱ ልክ ነበሩ። ሦስተኛው 24.6 መዘነ፤ 1.3 ኪሎ ጎደለ ማለት ነው። ሻጩ ሳይከራከር ሌላ አወጣልን፤ ይመስገን። ጎዶሎውን ግን ወደ ረድፉ መልሶ አቆመው፤ ሳይመዝን ለሚወስድ ደንበኛ መሆኑ ነው። 1.3 ኪሎ ምን ያህል ነው ለሚል፣ 2 ኪሎዋት ምድጃ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ሲነድ በሰዓት 150 ግራም ገደማ ይበላል። ከ8 ሰዓት በላይ የሚያበስል ጋዝ ቀርቷል።

ከጎዶሎው ይልቅ የሚያስፈራው ትርፉ ነው። ሲሊንደር እስከ አፉ አይሞላም፤ ከይዘቱ ከ15 እስከ 20 በመቶው ለትነቱ ክፍት ይተዋል። ፈሳሹ ጋዝ ሲሞቅ ከውሃ በብዙ እጥፍ ይለጠጣል፤ መለጠጫ ቦታ ካጣ ወይ በማስተንፈሻው ይወጣል፣ ወይ ሲሊንደሩን ያስጨንቃል። 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በጅማ ለስላሳ አየር ምንም የማይመስለው ሲሊንደር፣ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ የጊቤን ቁልቁለት ወርዶ ፀሐይ ላይ ሲቆም ጠባዩ ሌላ ነው። ሚዛኑ ከሚገባው በላይ ካሳየ ምርቃት ነው ብላችሁ አትደሰቱ፤ መልሱት።

የሱቁ ድክመት አፉ ላይ ነው፤ የሲሊንደሩ አፍ ማለታችን ነው። የፕላስቲክ ክዳኑን አንስታችሁ ከቫልቩ ውስጥ ያለችውን ጥቁር ጎማ በስልክ መብራት እዩ። ከተሰነጠቀች ወይም በአንድ በኩል ከተበላች ሬጉሌተሩ (የጋዙን ግፊት የሚቀንሰው መግጠሚያ) የቱንም ያህል ቢጠብቅ ያፈሳል። ሱቁ መለዋወጫ ጎማ አይዝም፤ ሁለት ሦስት ይዛችሁ ኑ። ቴፍሎን መጠቅለል መፍትሔ አይሆንም፣ እዚህ ጋዙን የሚይዘው ጎማው እንጂ ጥርሱ አይደለምና። ሬጉሌተራችሁ በጥርስ የሚገባ ዓይነት ከሆነ ደግሞ የሚጠብቀው ወደ ግራ ነው። ተቀጣጣይ ጋዝ ከሌላው ጋዝ ጋር እንዳይምታታ ተብሎ የተደረገ ነው፤ ይህን የዘነጋ ረዳት በፒንሳ ወደ ቀኝ እየታገለ ጥርሱን ሲበላው ብዙ ጊዜ ይታያል።

ከውጭ የመጣ መኪና ያላቸው የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው። የጀርመኑ 11 ኪሎ ሲሊንደርም ሆነ የአሜሪካው ባለ ሦስት ማዕዘን እጀታ ቅያሪ አያገኝም። የሚያዋጣው የአገር ውስጥ ሲሊንደር የመያዣ ገንዘብ አስይዞ ወስዶ፣ ከራሱ ሬጉሌተር ጋር የመኪናው ዝቅተኛ ግፊት መስመር ላይ ማገናኘት ነው። የአሜሪካ ዕቃዎች 27.5 ሚሊባር (የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ይፈልጋሉ፣ አዳዲሶቹ የአውሮፓ ደግሞ 30። ስለዚህ 30 ሚሊባር የሚል ሬጉሌተር ለሁለቱም ይበቃል። በ50 ሚሊባር የሚሠራ አሮጌ የጀርመን ካምፐር ግን ነበልባሉ ይደክማል፤ ፍሪጁም ላይነሳ ይችላል። ማገናኛ ቱቦው የጋዝ ጎማ ይሁን፣ የውሃ አይደለም፤ ሁለቱም ጫፍ በፋሸታ (በብሎን በሚጠብቅ የብረት ቀለበት) ይታሰር።

"እኔ እገለብጥልሃለሁ" የሚል ሰው ከሱቁ ደጅ አይጠፋም። ሙሉውን ሲሊንደር ዘቅዝቆ፣ በጎማ ወደ እናንተ ታንክ ያወርደዋል፤ ሚዛን የለም፣ ሲጋራ የሚያጨስ ተመልካች ግን አለ። ቋሚ ታንክ 80 በመቶ መድረሱ የሚታወቀው ትንሿ የመፈተሻ ብሎን ተላልታ ነጭ ጭጋግ ስትተፋ ነው፤ ገልባጩ እሷን ሊነካ ቀርቶ መኖሯንም አያውቅም። በርካሽ ቢሆንም አትቀበሉ።

ማድረሱን በባጃጅ ያደርጉታል፤ ክፍያው ብዙ አይደለም። ችግሩ ሲሊንደሩ ከኋላ ወንበር ሥር ተጋድሞ መምጣቱ ነው። ተጋድሞ የመጣ ሲሊንደር ወዲያው ከተከፈተ ፈሳሹ ሬጉሌተሩ ውስጥ ገብቶ እሳቱ ቢጫ ሆኖ ይንቦገቦጋል፤ ግማሽ ሰዓት ቀጥ ብሎ ይቁም። ከገጠማችሁ በኋላ የሳህን ሳሙና በውሃ በጥብጡና መጋጠሚያዎቹን ሁሉ ቀቡ፣ የቫልቩንም ዘንግ አትርሱ። አረፋ ካበጠ ዝጉት፤ በክብሪት መፈተሽ የሚባል ነገር የለም። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ የሲሊንደሩ ሳጥን ከታች ወደ ውጭ የሚያስተነፍስ ቀዳዳ ከሌለው መኪናው ውስጥ አታሳድሩት።

ለመያዣው የሚሰጡት ደረሰኝ ካርቦን ቅጂ ነው፣ ጽሑፉ ቶሎ ይደበዝዛል። እዚያው በስልክ ፎቶ አንሱት፤ ሲሊንደሩን ስትመልሱ ያለ እሱ ገንዘባችሁን አይመልሱም።